የሌንጂሳ እሺታ

አምቦ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ
ጌዶ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ልጇን የተነጠቀች ሴት ደህና የምትሆነውን ያህል ደህና ነኝ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር የማትጽፍ፣ ይህችም እናት ተብላ?» ብለው በሾፌሩ በዳዲ የላኩብኝ ደርሶኛል። ዳዲ መልእክቱን ያደረሰኝ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ፣ በመስኮት ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አብሮኝ ሰምቷል። ያልጻፍኩት ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነበር። አልበረደም፤ ስለዚህ ከነትኩሳቱ ይድረስዎ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጠው። ጥር ላይ ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ እኔና የባለቤቴ እህት በስልክ በተነጋገርን ቁጥር ስለምንሰዳደብ ከእንግዲህ በጽሑፍ ብቻ እንድንነጋገር። ሁለተኛ፣ ልጄ ሃዋኒ እስከ መስከረም ጌዶ እርስዎ ቤት እንድትቆይ። አባትየው ተጠየቀ። «ቶሌ» አለ። እኔ ደግሞ «ሌንጂሳ፣ ልጄን አልሰጥም በል እንጂ» ስለው፣ ለኔም «እሺ» አለኝ። ለእርስዎ በኦሮምኛ እሺ፣ ለእኔ በአማርኛ እሺ ብሎ በማግስቱ ካቺሲ ወደ ከብት ሕክምና ሥራው ሄደ። ሽማግሌው የእርስዎን ስምምነት ያዙ፤ የኔን ተዉት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ሃዋኒ አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ጆሮዋ ተመርምሮ ጤነኛ ነው። የምትናገረው ግን አንድ አንድ ቃል ነው፤ ረዘም ያለ ነገር ሲነግሯት መሀል ላይ ይጠፋታል። የንግግር ባለሙያዋ ወይዘሪት ሮሆቦት የቋንቋ እድገት እክል ትለዋለች። ስንፍና አይደለም፣ እርግማን አይደለም፤ እርስዎ እንደሚሉትም ኦሮምኛና አማርኛ ስለተደባለቀባት የመጣ አይደለም። ሁለቱንም አውሯት ብላለች። ሐሙስ ሐሙስ እየወሰድኳት ሁለት ቃል ማያያዝ ስትጀምር ነው እርስዎ የወሰዷት።

ሮሆቦት ቦታዋን የምታቆይላት እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ትሰጠዋለች፤ የሚጠብቁት አሥራ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በዳዲ መኪና ይላኳት፤ ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ አደርሳታለሁ። እስከዚያው ሰው ሲጠይቃት እርስዎ አይመልሱላት። ይጠብቋት።

ዲቦራ ወሰኑ
ግልባጭ፦ ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለኦቦ ሙለታ


ጌዶ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዲቦራ

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ሰላምታ ከተባለ። ደብዳቤሽን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረ እጅ ስህተት እያየ አያልፍም። ተረቱን በተመለከተም፣ በተረቱ ውስጥ አህያዋ አንቺ መሆንሽን ልብ ሳትዪ ነው የጻፍሽው።

በዳዲ «እያለቀሰች ታድራለች ወይ?» ብለሽ ያስጠየቅሽው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አልቅሳለች። አሁን አታለቅስም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከዶሮዎቹ ጋር ትውላለች።

ሐሙስ ሐሙስ አልልክም። ባለሙያዋ ምን ታደርግላታለች ብዬ ስጠይቅሽ «መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታጫውታታለች» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለጨዋታ ከሆነ ጌዶም ልጅ ሞልቷል። እኔ በየቀኑ ዕቃ እያነሳሁ «ይህ ምንድን ነው? ያስ ምንድን ነው?» እያልኩ አስተምራታለሁ። እንዲህ ነው ልጅ የሚማረው።

ለምን እንደወሰድኳት ለመዝገብሽ የጎደለውን ልሙላልሽ። በጥምቀት ማግስት ቤትሽ ስገባ ልጅቱ ባዶ ኩባያ ይዛ ጆጉን እያሳየችሽ ታለቅሳለች። አንቺ ጆጉን ከፍ አድርገሽ ይዘሽ «ውሃ ስጪኝ በዪ፣ ካላልሽ የለም» ትያለሽ። እኔ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንዳየሁ እግዜር ያውቃል። ውሃ ለጠላትም አይከለከልም። ይህን ባለሙያዋ አስተማረችኝ አልሽ። እውነት አስተምራሽ ነው? እስቲ ይህንንም ለኦቦ ሙለታ ግልባጭ አድርጊው።

እኔ ጋ ማንም አያስጨንቃትም። እንግዳ ሲመጣ ስሟን ሲጠይቃት እኔ እነግራለሁ፤ ታላቅ ለምን ተፈጠረ? ሁሉም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ብለው ይሄዳሉ። የኛ ቤት ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ እስከ ዛሬ በዚህ የሞተ የለም።

ጌጤነሽ


አምቦ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ

እንኳን ለጾሙ አደረሰዎ። ጾሙ የምላስም ነው ይላሉ አባቶች፤ ለሁለታችንም ይርዳን። እርማትዎን ፋይል ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ስለ ውሃው የጠየቁኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገርዎ ነው። «የኛ ቤት ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ብለዋል። የቱ ልጅ? እናታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያሳደጉት ሁለት ልጅ ብቻ ነው። እርስዎ ከማህፀን እያወሩ እንደወጡ የጌዶ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። የቀረው አንድ ሰው ነው።

ሮሆቦት መጀመሪያ ቀን ፎርም ሞልታልን ነበር። «ከቤተሰብ ዘግይቶ የተናገረ፣ ወይም ንግግር የሚከብደው ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። እዚያው ሆኜ ደወልኩልዎ። «በሰባት ቤት የለም» አሉኝ። «የለም» ተብሎ ተጻፈ። እክሉ በቤተሰብ እንደሚሄድ ሮሆቦት የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም ለመውቀስ አልነበረም የጠየቀችው፤ ልጅቷን ለመርዳት ነው። እርስዎ ግን ስለ ስማችሁ ነው የመለሱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ አሁን በጽሑፍ እጠይቅዎታለሁ። ሌንጂሳ ልጅ ሳለ እንዴት ነበር?

ዲቦራ


ጌዶ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዲቦራ

ስለ ወንድሜ ልትመረምሪኝ አንቺ ማን ነሽ? እኔ ያሳደግኩትን፣ ያስተማርኩትን፣ የዳርኩትን ልጅ ለአንዲት የከተማ ፎርም አላስረክብም። መንግሥት ደሞዝ የሚከፍለው ሰው ነው። ሚስትና ልጅ አለው። ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?

ይህን ነገር ሁለተኛ ካነሳሽ ሃዋኒን በመስከረምም አታገኚያትም፤ ምን አለች በዪኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ግልባጭ የሚል አላየሁም። ለኦቦ ሙለታ ሰጥተሻቸው እንደሆነ ግን በዳዲ መልስ ላኪልኝ። በቶሎ።

ጌጤነሽ


ካቺሲ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ለኦቦ ሙለታ አልሰጠሁም። መልሱን ይህን ያህል ያዘገየሁት እንቅልፍ እንዲነሳዎ ብዬ ነው፤ አልዋሽም።

ፋሲካን ሌንጂሳ ጋ ልውል መጥቼ ይኸው እስካሁን ካቺሲ ነኝ። ትናንት የከብት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ጥጃ ይዞ መርፌ ሲወጋ ቆሜ አየሁት። ሲጨርስ ጠየቅኩት። እንደ ልማዴ «ለምንድን ነው ለሽማግሌው እሺ ያልከው፣ እህትህን ፈርተህ ነው፣ ለልጅህ አታዝንም፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሮሆቦት ለሃዋኒ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ አጭር ይሁን፣ ከዚያ ዝም በዪ፤ ዝም ማለቱ ነው ሥራው ትል ነበር። «ሃዋኒ ጌዶ እንድትሄድ ፈልገህ ነበር?» አልኩትና ዝም አልኩ።

እትዬ ጌጤነሽ፣ በስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ሰው ጠይቄ ዝም ብዬ አላውቅም። እጁን ታጠበ። መርፌውን ጠቀለለ። ጥጃውን ለባለቤቱ አስረከበ። ሦስት ጊዜ ልጨምርበት ቃጥቶኝ ሦስት ጊዜ ከንፈሬን ነከስኩ። የሄደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመና «አልፈለግኩም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን እሺ አልክ?» አልኩት። 

«ሁላችሁም በፍጥነት ታወራላችሁ። ይጠፋኛል። እሺ ስል ዝም ትላላችሁ።»

ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት አፍሬ ነው። ስምንት ዓመት ፈሪ ብየዋለሁ። ዘመድ ፊት ስቄበታለሁ። የአህያ ባል ብዬ ለእርስዎ ጽፌያለሁ። የገዛ ልጄን ነገር ከባለሙያ ስማር፣ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው አላየሁትም። ማፈሬ ሲያልፍ ደግሞ በእርስዎ ተናደድኩ፤ እሱ እስካሁን አላለፈም። እርስዎ ያውቁ ነበር። ያ «ቶሌ» ምን ማለት እንደሆነ እያወቁ ነው ልጄን ይዘው የወጡት።

ቃል የገባሁትን የውሃውን ልመልስ። ሮሆቦት አላስተማረችኝም። ስነግራት ተቆጣችኝ፤ «ጠብቂያት አልኩሽ እንጂ ከልክያት መቼ አልኩሽ? ቃል ቢኖራት አትልም ነበር?» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ይቅርታ የምጠይቀው ግን ሃዋኒን እንጂ እርስዎን አይደለም።

አሁን የምፈልገው ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጡ። ሌንጂሳ ብቻውን ይጠየቅ። እኔ አልመጣም፤ ከመጣሁ መልሱን ከኔ ፊት ላይ ሊያነብ ይሞክራል። እርስዎን ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው እርስዎ ቤት ነውና ከዚያ ማስወጣት አልችልም። ይቀመጡ፤ አይናገሩ። የሚችሉ አይመስለኝም።

ዲቦራ


ጌዶ፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዲቦራ

ደብዳቤሽን አላረምኩትም።

እሺ፣ ጠይቀሽኛል፤ ስሚ። ሌንጂሳ ሲወለድ እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እናታችን ታማ አልጋ ስትይዝ ልጁ የኔ ሆነ። እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ «ጌጤ» እና «ና» እና «ከብት» ከማለት ሌላ አያውቅም። ሰፈሩ ዱዳው ብሎ ስም አወጣለት። ዱዳ እንዳልሆነ እኔ አውቅ ነበር፤ ዓይኑን አይቼ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ በእሱ ፋንታ እኔ አልኩለት። ሱቅ ስንሄድ አልኩለት፣ ቤተ ክርስቲያን አልኩለት። የራሴ ክፍል አስገብቼ አንደኛ ክፍልን ሦስት ዓመት አስቀመጥኩት። የላይኞቹን ክፍሎች አስተማሪዎች አንድ በአንድ እየለመንኩ አሳለፍኩት። የእንስሳት ጤና ሥልጠና ሲገባ ፎርሙን ሞላሁ። ለሥራው ቃለ መጠይቅ ሲጠራ ኃላፊው ዘንድ ቀድሜ ገብቼ «ልጁ ዓይን አፋር ነው፤ ከብት ሰጥታችሁ ፈትኑት» አልኩ። ፈተኑት፤ አንደኛ ወጣ።

አባትሽን አቶ ወሰኑን ሽማግሌ ሆኜ የጠየቅኩትም እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ወንዶቹ የተቀመጡት ለወጉ ነው። አባትሽ «ልጁ አይናገርም እንዴ?» አሉ። «ዝምተኛ ነው» አልኩ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬ ከየት ይገኛል?» ብለው ራሳቸው ደስ አላቸው። እውነቱን ብነግራቸው ይሰጡን ነበር? አንቺስ ታገቢው ነበር? መልሺልኝ አልልም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ያኔ ሮሆቦት የሚባል ሰው አልነበረም። ፎርም የለም፣ ስም የለውም፣ ወረፋ የለውም። የነበርኩለት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጥታችሁ ተሳስተሻል ትሉኛላችሁ። ሃዋኒ እንደ እሱ መሆኗን ሁለት ዓመቷ ላይ ነው ያወቅኩት፤ የወሰድኳትም እሱን እንዳኖርኩት ላኖራት ነው። ደግሞ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ ሰኔ 9 እኔ ቤት ይቀመጡ። አፌን እይዛለሁ። የማልችል መስሎሽ የጻፍሽውን ቆጥሬብሻለሁ።

ሌላው፣ ለማየት ያህል ብቻ፣ አንድ ሳምንት «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱን ትቼ ከዶሮዎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወገቤን ገድሎኛል። ማክሰኞ ዕለት ሃዋኒ ሦስት ቃል አያይዛ ተናገረች። ምን እንዳለች አልነግርሽም።

ጌጤነሽ


አምቦ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጤነሽ

በቀኑ ተስማምቻለሁ። «ታገቢው ነበር?» ላሉኝ፣ አላገባውም ነበር ይሆናል፤ ይህን ለሌንጂሳም ነግሬዋለሁ።

ሃዋኒ ምን አለች? እባክዎን። የማክሰኞውን ብቻ ይንገሩኝ።

ዲቦራ


ጌዶ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዲቦራ

በዳዲ ሦስት ጊዜ አስጠይቀሽኛል፤ «ተናገረ ወይ?» ብለሽ። ተናግሯል።

ኦቦ ሙለታ ጉዳዩን አልዘረዘሩም፤ እንዳያስረዝሙ ለምኜያቸው ነበር። «ሌንጂሳ፣ ልጅህ የት ትኑር?» ብቻ አሉት በኦሮምኛ።  እሱ መጀመሪያ ወደ እኔ ተመለከተ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ኤጄታ ሊያግዙት አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቦ ሙለታ በትራቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነክሼ ነበር። መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሙሉ መልስ፣ በደንብ የተቀናበረ። እንዲህ ያለ ነገር ችዬ አላውቅም። አንቺ ከአጥሩ ጀርባ ሄደሽ አለቀስሽ፤ እኔ የምሄድበት አልነበረኝም።

«ሃዋኒ አምቦ ትሁን» አለ። «እናቷ ጋ። እኔ ዝውውር እጠይቃለሁ። ማመልከቻውን ራሴ እጽፋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስንት ዓመት የሚያውቁት ልጅ ነው፤ ከ«ቶሌ» ሌላ ቃሉን የሰሙት ግን ትናንት ነው። ኦቦ ሙለታ «ሌላ የምትለው አለ?» አሉት። እንደገና ቆየ፣ ከፊተኛው ይበልጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጌጤ፣ ሂን ዱፊን።»

አትምጪ ማለቱ ነው። አምቦ አትምጪ። ሰው ሁሉ ፊት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለሰልሰዋል። «ለጊዜው» ይላል፣ «እስክንደላደል» ይላል፣ «ላንቺም ድካም ነው» ይላል። እሱ አላለም። ማለስለሻውን ስላጣው ነው ወይስ ስላልፈለገው? ሃያ ዘጠኝ ሰዓት አስቤበታለሁ፤ አላወቅኩም። ዓይኑን አይቼ የሚለውን አውቃለሁ ስል የኖርኩ ሴት ይህን መለየት አቃተኝ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ መርቀውት ሄዱ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ደስ ይበልሽ፤ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ።

ሃዋኒን ዓርብ ጠዋት በዳዲ መኪና የፊት ወንበር ላይ እልክልሻለሁ። ኦቦ ኤጄታ አብረዋት ይመጣሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የሮሆቦት ቀን ስለሆነ ቦታዋ አያልፋትም። ማታ መብራት ሲጠፋ ትፈራለች፤ እጅ መያዝ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ወሬ አታብዢባት። የማክሰኞው «አባ ጥጃ ወጋ» ነው ያለችው። ለዶሮዎቹ እየነገረቻቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ብላለች፤ እሱን እሷ ትንገርሽ።

በአንቺ ላይ ያለኝ ቂም እንዳለ ነው፤ የውሃውንም አልረሳሁም። አንቺን መለመን ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግን የምለምነው ሌላ ሰው የለኝም። ከሌንጂሳ ጋር ስትገናኙ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አትምጪ ያለኝ ለክረምቱ ነው ወይስ ለሁልጊዜ? አንዴ ጠይቂውና ዝም በዪ፤ የፈለገውን ያህል ይቆይ። እኔ ብጠይቀው እኔ መስማት የምፈልገውን ነው የሚመልስልኝ።

ጌጤነሽ